የቦርዶ ወይን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

(ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቦርዶ የት ነው? ወይኑስ በምን ታወቀ?

በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ብዙም ሳይርቅ ነው። ቦርዶ የከተማዋም፣ በዙሪያዋ ያለው የወይን አገርም ስም ነው። ጋሮንና ዶርዶኝ የሚባሉ ሁለት ወንዞች ከከተማዋ በስተሰሜን ይገናኙና ዢሮንድ የተባለውን ሰፊ የወንዝ አፍ ይዘው ወደ ባሕር ይገባሉ። ይህን የወንዞች ካርታ በቃሉ የያዘ ሰው ጠርሙስ ላይ ከሚያነበው ነገር ግማሹ ወዲያው ይገባዋል።

ዝናው ከአፈሩ ይልቅ ከወደቡ ነው የጀመረው። በ1152 ቦርዶን የሚያካትተው የአኪቴይን ግዛት ባለርስት ኤሌኖር ሄንሪን አገባች፤ ሄንሪ ከሁለት ዓመት በኋላ የእንግሊዝ ዙፋን ላይ ወጣ። አካባቢው እስከ 1453 በእንግሊዝ ዘውድ ሥር ስለቆየ ወይኑ በመርከብ እየተጫነ ወደ ለንደን ይሄድ ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ሆላንዳውያን ባለሙያዎች ከከተማዋ በስተሰሜን ባለው ሜዶክ ላይ ተኝቶ የነበረውን ረግረግ አደረቁት። ዛሬ እጅግ ውድ ከሆኑት ጠርሙሶች ብዙዎቹ የሚወጡት ያኔ ውኃው ከተነሣለት ምድር ነው።

"ግራ ዳርቻ" እና "ቀኝ ዳርቻ" ሲባል ምን ማለት ነው?

ወንዙ ወደሚፈስበት አቅጣጫ ፊትዎን አዙረው ሲቆሙ በግራ እጅዎ ያለው ሜዶክ፣ ግራቭና ሶቴርን ነው። በቀኝ ያለው ሳንቴሚሊዮን፣ ፖምሮል፣ ፍሮንሳክና ካስቲዮን ነው። በሁለቱ ወንዞች መካከል የተዘረጋው ኮረብታማ አገር አንትር ዱ ሜር ይባላል።

ትልቁ ልዩነት አፈሩ ላይ ነው። ግራ ዳርቻ ወንዙ ለብዙ ሺህ ዓመታት ያመጣው ጠጠር ተከምሮበታል። ጠጠር ውኃ አይዝም፤ ቀን የሞቀውን ደግሞ ማታ መልሶ ይሰጣል። ካበርኔ ሶቪኞን ዘግይቶ የሚበስል ዝርያ ነውና ይህ ሙቀት ያስፈልገዋል፤ ቀዝቃዛ አፈር ላይ ከተተከለ መከር ደርሶም ፍሬው ጥሬ ቃሪያ ቃሪያ ይላል። ቀኝ ዳርቻ ሸክላማ አፈርና የኖራ ድንጋይ ይበዛል። ሸክላ ውኃ ይይዛል፣ ቶሎም አይሞቅም። ሜርሎ ቀድሞ ስለሚበስል እዚያ ይመቸዋል፤ ፖምሮል ያለው ፔትሩስ የተባለው ወይን ሙሉ በሙሉ በሚባል ደረጃ ሜርሎ የሆነው በሸክላው ምክንያት ነው።

ብርጭቆ ውስጥ ሲመጣ የግራው ጠንከር ያለ፣ ምላስና ድድን የሚያደርቅ፣ ጥቁር እንጆሪና የእርሳስ እንጨት የሚሸት ነው፤ ጊዜም ይፈልጋል። የቀኙ ለስላሳና ሞላ ያለ፣ ቶሎ የሚጠጣ ነው። ለጀማሪ ከቀኝ መጀመር ይሻላል።

ከየትኛው የወይን ዝርያ ነው የሚሠራው? ለምንስ ይቀላቅሉታል?

ቀዩ በዋናነት ከሜርሎ፣ ከካበርኔ ሶቪኞንና ከካበርኔ ፍራን ይሠራል፤ ፔቲ ቬርዶና ማልቤክ በጥቂቱ ይገባሉ፣ ካርሜኔር ግን ከስም በቀር እምብዛም የለም። ብዙ ሰው ቦርዶ ሲባል ካበርኔ ይመስለዋል፤ በተከለው መሬት ስፋት የሚበልጠው ግን ሜርሎ ነው። ነጩ ከሴሚዮን፣ ከሶቪኞን ብላንና ከሙስካዴል ይወጣል።

መቀላቀሉ ጣዕም ለማሳመር ብቻ የመጣ ልማድ አይደለም፤ የአየሩ ጉዳይ ነው። ውቅያኖሱ ቅርብ ስለሆነ ዝናቡ አይታመንም። ሜርሎ ቀድሞ ስለሚያቆጠቁጥ የሚያዝያ ውርጭ ያገኘዋል፤ ካበርኔ ዘግይቶ ስለሚለቀም የመስከረም መጨረሻ ዝናብ ይደርስበታል። ሁለቱንም የተከለ ገበሬ አንዱ ቢከስርበት በሌላው ይተርፋል።

ሙቀቱ እየጨመረ በመሄዱ ከ2021 ጀምሮ ስድስት አዳዲስ ዝርያዎች፣ ከእነሱም የፖርቱጋሉ ቱሪጋ ናሲዮናልና ማርስላን፣ ተራ ቦርዶና ቦርዶ ሱፔሪየር ውስጥ እንዲገቡ ተፈቅዷል። ከአንድ እርሻ ከ5 በመቶ፣ ከአንድ ቅልቅል ደግሞ ከ10 በመቶ መብለጥ ግን አይችሉም።

ቀዩ ወይን ከእርሻ እስከ ጠርሙስ እንዴት ይሠራል?

መከሩ አብዛኛውን ጊዜ ከመስከረም መግቢያ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ነው። ዘለላው ከእንጨቱ ይላቀቃል፣ የተበላሸው ፍሬ ይለቀማል፣ ከዚያ ፍሬው ፈንዳ እንዲል ተደርጎ ከነቅርፊቱ ጋን ውስጥ ይገባል። ጋኑ ከብረት፣ ከሲሚንቶ ወይም ከእንጨት ሊሆን ይችላል።

እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል ሲለውጥ ሙቀቱን ከ26 እስከ 30 ዲግሪ ይይዙታል። ከዚህ በላይ እየሞቀ ከሄደ እርሾው ሊሞትና ስኳሩ ሳያልቅ መብላላቱ ሊቆም ይችላል፤ ያኔ ተሐዋስያን ይገቡና ወይኑ ወደ ኮምጣጤ ያዘነብላል። ቅርፊቱ ወደ ላይ ተንሳፍፎ ወፍራም ክዳን ስለሚሠራ በየቀኑ ከጋኑ ሥር ጭማቂ እየተቀዳ በላዩ ይፈስበታል። ቀለሙም ታኒኑም (ምላስና ድድን የሚያደርቀው ነገር) ያለው ቅርፊቱ ውስጥ ነውና ክዳኑ ደርቆ ከቆየ ወይኑ ነጣ ይላል፣ ክዳኑም ይሻግታል። ከልክ በላይ ከታሸ ደግሞ የፍሬው መራራ ይወጣል፤ ብዙ የፈላ ሻይ አፍ ላይ እንደሚያደርገው ያደርጋል።

ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴ አራት ሳምንት ከቅርፊቱ ጋር ከቆየ በኋላ ወይኑ ይቀዳል፤ የቀረው ቅርፊት ለብቻው ይጨመቃል። ቀጥሎ የሚመጣው ሁለተኛው መብላላት ነው፦ ኃይለኛው የፖም አሲድ ወደ ለስላሳው የወተት አሲድ ይለወጣል። ይህ ሳያልቅ ጠርሙስ ውስጥ የገባ ወይን እዚያው እንደገና ሊፈላ ይችላል።

ጥሩው ወይን ወደ ባሪክ ይገባል። ባሪክ 225 ሊትር የሚይዝ የኦክ በርሜል ነው፤ 300 ጠርሙስ ይወጣዋል። ከ12 እስከ 18 ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። በየጥቂት ወሩ ከአምቡላው ተለይቶ ወደ ንጹሕ በርሜል ይገለበጣል፤ እንጨቱ ስለሚጠጣና ስለሚተን የጎደለው ይሞላል። ካልተሞላ ከላይ አየር ይገባና ይኮመጥጣል። ማጥሪያው በባህላዊው መንገድ የእንቁላል ነጭ ነው፦ ለአንድ ባሪክ የአምስት ወይም የስድስት እንቁላል። የተረፈው አስኳል ካኔሌ የተባለውን የከተማዋን ኬክ ወለደ ይላሉ ቦርዶዎች።

ሶቴርን ለምን ጣፋጭ ሆነ? ስኳር ይጨመርበታል?

ጣፋጭነቱ ከፍሬው ነው፤ ያጣፈጠው ሻጋታ ነው። ሲሮን የምትባል ትንሽ ወንዝ በዛፍ ጥላ ሥር ቀዝቅዛ መጥታ ሞቅ ካለው ጋሮን ጋር ስትገናኝ በመጸው ጠዋት ጠዋት ጭጋግ ይነሣል። በእርጥበቱ ቦትሪቲስ የሚባል ሻጋታ የበሰለውን ፍሬ ይይዘዋል፣ ቅርፊቱንም በስቶ ያሳሳዋል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲወጣ በዚያ በኩል ውኃው ይተናል፤ ፍሬው እንደ ዘቢብ ተጨማዶ ስኳሩና አሲዱ ይጠነክራል። ፀሐዩ ካልመጣና ዝናቡ ከቀጠለ ግን ያው ሻጋታ ፍሬውን ያበሰብሰዋል፤ መከሩ ጠፋ ማለት ነው።

ዘለላው እኩል ስለማይሻግት ለቃሚዎች አንድን እርሻ ብዙ ጊዜ እየተመላለሱ የደረሰውን ብቻ ይቆርጣሉ። ሕጉ ከአንድ ሄክታር ከ25 ሄክቶሊትር (2,500 ሊትር) በላይ አይፈቅድም፤ ሻቶ ዲኬም (ሻቶ ማለት ወይን አምራች ርስት ነው) ከአንድ የወይን ግንድ የሚያወጣው አንድ ብርጭቆ ያህል ነው ይባላል። ያ ሻቶ በ2012 ፍሬው አልመጥን ስላለው በስሙ ምንም ወይን አላወጣም። ሶቴርን ሲወደድ ዋጋው እዚህ ላይ ነው ያለው።

ነጭና ስኳር የሌለው ቦርዶስ አለ?

አለ፣ ርካሽም ይገኛል። የአንትር ዱ ሜር ነጭ ቀለል ያለ፣ ሎሚ ሎሚ የሚል፣ በአንድ በሁለት ዓመት ውስጥ የሚጠጣ ነው። ፔሳክ ሌኦኛን ላይ ደግሞ በርሜል ውስጥ የበሰለ፣ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ የሚቆይ ነጭ ይሠራሉ። ክሌሬ የሚባል ከሮዜ የጠቆረ ከቀይ የሳሳ ወይንም አላቸው፤ ቀዝቅዞ ይጠጣል።

የ1855 ደረጃ ዛሬም ዋጋ አለው?

ናፖሊዮን ሦስተኛ ለፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ወይኖቹ በደረጃ እንዲቀርቡ ሲጠይቅ የቦርዶ ደላሎች ዝርዝሩን ያወጡት በየሻቶው የገበያ ዋጋ ላይ ተመሥርተው ነው። ቀዩ በአምስት እርከን ተከፈለ። ላፊት፣ ላቱር፣ ማርጎና ኦ ብሪዮን አንደኛ ወጡ። ከኦ ብሪዮን በቀር ሁሉም ከሜዶክ ነው። ከዚያ ወዲህ በእርከኖቹ መካከል የተደረገው ለውጥ አንድ ነው፦ በ1973 ሙቶን ሮትሺልድ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ከፍ አለ፤ ፊርማውን ያኖሩት የዚያን ጊዜው የግብርና ሚኒስትር ዣክ ሺራክ ናቸው።

ልብ ማለት የሚገባው ደረጃው የተሰጠው ለሻቶው ስም እንጂ ለመሬቱ አለመሆኑን ነው። ባለ ደረጃው ሻቶ በዚያው የስም ክልል ውስጥ የጎረቤቱን እርሻ ቢገዛ ፍሬው በደረጃው ስም ይሸጣል። ስለዚህ አንዳንድ አምስተኛ እርከን፣ ለምሳሌ ፖያክ ያለው ሊንሽ ባዥ፣ ዛሬ ከአንዳንድ ሁለተኛ እርከን በላይ ይሸጣል።

ሳንቴሚሊዮን የራሱ ደረጃ አለው፤ በ1955 ተጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ገደማ ይታረማል። ጭቅጭቅና ክስ አያጣውም። ለ2022ቱ ዝርዝር ሼቫል ብላን፣ ኦዞንና አንጀሉስ ራሳቸውን አገለሉ፤ ላይኛው እርከን ላይ የተገኙት ፓቪና ፊዣክ ብቻ ናቸው። ፖምሮል ደረጃ የሚባል ነገር የለውም፤ ሳይኖረውም ዋጋው ሰማይ ነው።

መለያው ላይ ምን ላንብብ?

መጀመሪያ የቦታውን ስም ይፈልጉ፤ "አፔላሲዮን" ከሚለው ቃል ጋር ነው የሚጻፈው። ቦታው እየጠበበ በሄደ ቁጥር ሕጉ እየጠነከረ ይሄዳል፦ ቦርዶ ሰፊው ነው፣ ሜዶክ ይጠባል፣ ፖያክ የአንድ መንደር ነው።

"ሚ ዞን ቡቴይ ኦ ሻቶ" የሚል ካለ ወይኑ የታሸገው እዚያው ሻቶ ውስጥ ነው። በ1924 ሙቶን ምርቱን በሙሉ በቤቱ ማሸግ እስኪጀምር ድረስ ወይን በበርሜል ለነጋዴ ተሸጦ ነጋዴው ዘንድ ነበር ጠርሙስ የሚገባው።

የሚያታልሉም አሉ። "ግራን ቫን ዴ ቦርዶ" በወርቅ ቀለም ቢጻፍም ደረጃ አይደለም። "ሳንቴሚሊዮን ግራን ክሩ" የቦታ ስም ነው፣ ብዙ መቶ ሻቶዎች ይጽፉታል፤ ደረጃውን የሚያሳየው መጨረሻ ላይ "ክላሴ" የሚል ሲጨመር ነው። የሻቶው ሥዕልም ምንም አይነግርም፤ ሻቶ የተባለው ቤት አንዳንዴ ተራ የገበሬ ቤት ነው።

በመጠነኛ ገንዘብ ምን ልግዛ?

ፈረንሳይ ውስጥ ከ10 እስከ 20 ዩሮ ያለው ሰው ከፍሮንሳክ፣ ከካስቲዮን ኮት ደ ቦርዶ ወይም ከሜዶክ "ክሩ ቡርዥዋ" የሚል የተጻፈበትን ይግዛ። ከፖያክ ወይም ከማርጎ ስም ርካሹን ከመፈለግ ከእነዚህ ጥሩውን መውሰድ ያዋጣል። የትልልቆቹ ሻቶዎች ሁለተኛ ወይንም አለ፤ ከወጣት ግንዶችና ለዋናው ካልተመረጠው የሚሠራ ነው። አንዳንዱ ጥሩ ነው፤ አንዳንዱ ግን የሚሸጠው በስሙ ነው።

"አን ፕሪሞር" የሚባለውን ግዢ፣ ማለትም ወይኑ ገና በርሜል ሳለ ከፍሎ ሁለት ዓመት ገደማ መጠበቅን፣ ለጀማሪ አንመክርም። ሲደርስ ገበያ ላይ በዚያው ዋጋ ወይም በርካሽ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ነጋዴው ከከሰረ ደግሞ ገንዘቡም ወይኑም ይቀራል።

የመከር ዓመቱ ምን ያህል ለውጥ አለው?

ለውጡ ትልቅ ነው፤ ርካሽ ወይን ላይ ደግሞ ይብሳል። 2005፣ 2009፣ 2010፣ 2016፣ 2019 እና 2022 የተመሰገኑ ናቸው። 2013 ብርድና ዝናብ፣ 2017 የሚያዝያ ውርጭ፣ 2021 ውርጭም የቅጠል ሻጋታም የመታቸው ናቸው። በደካማ ዓመት ገንዘብ ያለው ሻቶ የተበላሸውን ጥሎ ጥቂት ጥሩ ወይን ያወጣል፤ ገንዘብ የሌለው ያለውን ሁሉ ይጨምቃል። ጥቅሙ፣ ከደካማ ዓመት የወጣ የታወቀ ሻቶ ቶሎ ይደርሳል፣ ዋጋውም ይቀንሳል።

ስንት ዓመት ይቀመጥ?

ተራ ቀይ ቦርዶ በወጣ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ውስጥ ይጠጣ፤ ማስቀመጡ አያሻሽለውም። ጥሩ ሜዶክ ከ8 እስከ 20 ዓመት፣ ትልልቆቹ ከዚያ በላይ፣ ጥሩ ሶቴርን ደግሞ ለዐሥርተ ዓመታት ይቆያሉ። አቀማመጡ በጎን ነው፣ ቡሹ እንዳይደርቅ። ሙቀቱ ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ፤ ከሁሉ የሚጎዳው ግን መዋዠቁ ነው። ኩሽና ውስጥ፣ ምድጃ አጠገብ ወይም ፍሪጅ አናት ላይ አይቀመጥ።

እንዴት ይቀርባል?

ቀይ ከ16 እስከ 18፣ ነጭ ከ8 እስከ 12፣ ሶቴርን ከ8 እስከ 10 ዲግሪ። ቀይ "በክፍል ሙቀት" የሚባለው ማሞቂያ ካልነበረው የድሮ የአውሮፓ ቤት የመጣ ነው። ዱባይ ወይም የጣሊያኗ ሪሚኒ ሳሎን ውስጥ በበጋ የቆየ ቀይ ወይን አልኮሉ አፍንጫ ይመታል፤ ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ይግባ።

ወጣትና ጠንካራውን ሜዶክ ሰፊ ማሰሮ ውስጥ ገልብጦ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት አየር ማስነካት ይጠቅመዋል። አሮጌው ግን ሌላ ነው፦ ጠርሙሱን አንድ ቀን ሙሉ ቀጥ አድርገው ያቁሙት፣ አምቡላው ይዘቅጣል፤ ሊጠጣ ሲል በመብራት አንገቱን እያዩ ቀስ ብለው ይቅዱ፣ ጥቁሩ አንገት ላይ ሲደርስ ያቁሙ። 30 ዓመት የቆየ ወይን ሁለት ሰዓት ክፍቱን ከተተወ መዓዛው አልቆ ይገኛል።

መበላሸቱን በምን አውቃለሁ?

የረጠበ ካርቶን ወይም የሻገተ ምድር ቤት ከሸተተ የቡሹ ጥፋት ነው። አየር ቢያገኝም አይሻሻልም፣ ይብስበታል እንጂ፤ መልሶ ለሻጩ መስጠት ነው። ቀለሙ ወደ ቡናማ ሄዶ የተመታ ፖም የሚሸት ከሆነ አየር ገብቶበታል። ቡሹ ወደ ውጭ ተገፍቶ ከሥሩ የሚያጣብቅ መስመር ካለ መንገድ ላይ በሙቀት ተቀቅሏል፤ ሲገዙ ቡሹን የሸፈነውን ቆርቆሮ በጣት መንካት በቂ ነው። የጋጣ ሽታ ከእርሾ ዝርያ የሚመጣ ነው፤ ትንሹን የሚወድም አለ። የክብሪት ሽታ ግን ብርጭቆውን ሲያዞሩት ብዙውን ጊዜ ይጠፋል። ቡሹ ላይ ወይም ከታች እንደ ስኳር የሚያበራ ቅንጣት የወይኑ ጨው ነው፣ አይጎዳም።

ከአበሻ ምግብ ጋር ይሄዳል?

ከምግቡ ምግብ አለው። በርበሬና ሚጥሚጣ ታኒኑን ያመርሩታል፣ አልኮሉንም ያቃጥሉታል፤ ስለዚህ ዶሮ ወጥና ወጣት ፖያክ ጠላቶች ናቸው። ለዶሮ ወጥ በርሜል ያልነካው ቀለል ያለ ሜርሎ ቀዝቀዝ ብሎ፣ ወይም ክሌሬ ይሻላል። የሚገርመው ሶቴርንም ይሠራል፤ ጣፋጩ ቃጠሎውን ያበርደዋል። ለጥብስና ለለብ ለብ ክትፎ ጠንካራ ቀይ ይሁን፣ ስቡና ቅቤው ታኒኑን ያለሰልሱታልና፤ ሚጥሚጣውን ግን ቀነስ ያድርጉ። ለዓሣ ጥብስ አንትር ዱ ሜር ይያዙ።

የዝዋዩ ካስቴል ወይን ቦርዶ ነው?

አይደለም። ካስቴል በ1949 ቦርዶ ውስጥ በእህትማማችና ወንድማማች የተመሠረተ ድርጅት ነው፤ ዝዋይ ላይ እርሻ ተክሎ ሪፍት ቫሊና አካሺያ የተባሉትን በ2014 ለገበያ አወጣ። ቦርዶ ለመባል ፍሬው የግድ እዚያው ክልል መብቀል አለበት። ከተተከሉት ዝርያዎችም ሜርሎና ካበርኔ ሶቪኞን የቦርዶ ሲሆኑ ሲራና ሻርዶኔ ከሌላ የፈረንሳይ አገር ናቸው።

የተከፈተ ጠርሙስ ስንት ቀን ይቆያል?

ቡሹ ተመልሶ ፍሪጅ ከገባ ወጣት ቀይ ሁለት ሦስት ቀን፣ ነጭም እንዲሁ። ሶቴርን ስኳሩ ስለሚጠብቀው አንድ ሳምንት ይቆያል። ከግማሽ በታች ከቀረ ወደ ትንሽ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልተው ይገልብጡት፤ የሚያበላሸው በላዩ ያለው አየር ነው። ቀዩን ከመጠጣትዎ ግማሽ ሰዓት በፊት ከፍሪጅ ያውጡት።